«180» ብሎ የቀረው ሴንት፦ 1804 ነው ወይስ አይደለም?

ሰላም ለዚህ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ቤት ሰዎች። ሳንቲም ሰብሳቢ አይደለሁም። እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ማለቴ ነው። ፔንስልቬንያ ውስጥ፣ ላንካስተር አካባቢ፣ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ አዝራር በ12 ዶላር ገዛን። አዝራሩን የፈለገችው ባለቤቴ ናት፤ ልብስ ትሰፋለች። ቤት ገብተን ምንጣፍ ላይ ስንዘረግፈው ከመሃሉ አንድ የጠቆረ ክብ መዳብ ዱብ አለ። መጀመሪያ እሱም አዝራር መስሎን ቀዳዳውን ፈለግን።

ፊቱ ላይ ጸጉሯን የለቀቀች ሴት አለች። ከአናቷ በላይ «ሊበርቲ» ይላል። ከታች ዓመቱ 180 ይልና አራተኛው ቁጥር ተፍቆ ጠፍቷል። ጀርባው ላይ የቅጠል አክሊል፣ መሃሉ ላይ አንድ ሴንት የሚል፣ ከሥሩ ደግሞ 1/100 የሚል ክፍልፋይ አለ። ስፋቱ ከዛሬዋ ሴንት በጣም ይበልጣል። ኢንተርኔት ላይ ስጎረጉር የ1804ቱ ውድ ነው ሲባል አነበብኩ። እና የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይሄው ነው፤ 1804 ሊሆን ይችላል?

ሁለተኛው ጥያቄ ምናልባት ያስቆጣችሁ ይሆናል። በአንድ ዓመት ሳንቲም ላይ ብቻ 18 «ዓይነት» ቆጥረው ቁጥር የሰጡ ሰዎች አሉ። ለእኔ ሁሉም አንድ ናቸው። ይሄ ነገር ሰብሳቢዎች እርስ በርስ ለመሻሻጥ የፈጠሩት አይደለም ወይ? ፎቶ አያይዣለሁ። ቆሽሾ ስለነበር በሎሚ ትንሽ አሸት አድርጌዋለሁ፤ አሁን ደህና ያበራል።

ይህን ለጥፌ ወደ ሥራ ሄድኩ። የማታ ፈረቃ ነኝ። ሲነጋ ስልኬን ስከፍት የመልሶቹ ክር ገና በጠዋቱ ሞቆ ጠበቀኝ፣ ከዚያም ሳምንት ሙሉ አልበረደም። ግማሹ ከርእስ የወጣ ነው፤ አዲስ የሚገባው ሰውም እየጠፋበት ስለሆነ መልሶቹን በየቁጥራቸው አሳጥረህ ጻፍልን ተባልኩ። እነሆ በራሴ አነጋገር። የሰደባችሁኝንም አልተውኩም።

ቁጥር 1 ከአዲስ አበባ ነው፤ ጨዋ ሰው። እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ጀመረና ሴትዮዋን አስተዋወቀኝ። የቀረጻት ሮበርት ስኮት የሚባል የፊላዴልፊያው ሳንቲም ማተሚያ ቤት ቀራጭ ነው፤ በዚህ መልኳ ሴንት ላይ የቆየችው ከ1796 እስከ 1807 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሌላ ነገር ከማለቱ በፊት ክብደቱንና ስፋቱን እንድነግረው ጠየቀ። በፎቶ ብቻ የሚፈርድ ሰው አትመን ብሎም መከረኝ። ምክሩ በኋላ ጠቅሞኛል።

ቁጥር 2 እኔ ነኝ። የቡና መመዘኛችን ላይ 10.3 ግራም መጣ፤ በማስመሪያ ሲለካ 29 ሚሊሜትር ገደማ።

ቁጥር 3 ከዱባይ ነው። ጊዜ አላባከነም፤ የውሸት ነው አለ። እሱ ራሱ በኦንላይን ገዝቶ ተሸውዷል፣ እንግዲህ ወተት ያቃጠለው ሰው ሆኖ ነው። ቁጥር 4 ግን ረጋ ብሎ መለሰለት። ከ1795 መጨረሻ ጀምሮ የሴንት ክብደት 10.89 ግራም እንዲሆን ተወስኖ ነበር፤ ሁለት መቶ ዓመት አልፎት ይህን ያህል የተፋቀ መዳብ 10.3 ቢመዝን ምንም አይገርምም አለ። ከዚያ ለእኔ አዲስ የሆነ ነገር ጨመረ። የዛሬ አጭበርባሪዎች ከአንድ እውነተኛ ሳንቲም ቅጂ ያወጣሉ። ታዲያ ያ እናቱ የሆነው ሳንቲም በኪስ ለኪስ ኑሮው ያገኘው ጭረትና ጉድፍ ሁሉ አብሮ ይገለበጣል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጭረት፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ በሁለት ሳንቲም ላይ ካየህ ሽሽ ነው የሚለው። ሁለት ሳንቲሞች በአንድ ማኅተም (ሳንቲሙን በሚመታው ብረት) ሊመቱ ይችላሉ፤ በአንድ ድንጋይ እዚያው ቦታ ላይ ሊፋቁ ግን አይችሉም።

ቁጥር 5 የጠበቅኩት መልስ ነው። የ1804 ፈተና ቀላል ነው አለች፣ መሣሪያም አይፈልግም። ሳንቲሙን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጠርዙ ላይ፣ ልክ ከዓመቱ ዜሮ ጎን፣ ያዝ። ጣትህን ሳታነሳ ገልብጠው። አሁን ከጣትህ ሥር የትኛው ፊደል አለ? እውነተኛ 1804 ከሆነ፣ «ዩናይትድ ስቴትስ ኦፍ አሜሪካ» ከሚለው ውስጥ «ኦፍ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነው የሚመጣው። ዜሮውና ኦው ፊት ለፊት ናቸው። ይህ የሚሆነው የዚያ ዓመት ሴንቶች በአንድ ጥንድ ማኅተም ብቻ ስለተመቱ ነው። ማኅተሞቹ እየተሰበሩ ስለሄዱ ደግሞ ብዙዎቹ ላይ ከሊበርቲ የመጨረሻዎቹ 3 ፊደላት በላይ ጠርዙ እብጥ ብሎ ይታያል፤ በጀርባም አሜሪካ ከሚለው መሃል ፊደላት በላይ እንደዚሁ። አጻጻፏ እንደ ጥሩ አስተማሪ ነው።

ቁጥር 6 ላይ ውጤቱን ጻፍኩ። በስንጥርም በጣትም ሞከርኩ። ሦስቴ። ከጣቴ ሥር የሚመጣው «ስቴትስ» የሚለው ቃል የመጨረሻ ፊደል ነው። ኦው ጎረቤት ነው፣ ግን ጎረቤት ነው እንጂ እሱ አይደለም።

ቁጥር 7 አንድ መስመር ብቻ ጻፈ፤ ሳቅኩ፣ ትንሽም ተናደድኩ። አሜሪካ ውስጥ የመጨረሻ ቁጥሩ የጠፋ ሴንት ሁሉ 1804 ነው፣ እኛ አገር የሁሉም ሰው ቅድመ አያት ራስ ወይ ደጃዝማች እንደሆነው ነው ያለው። ሃያ ምናምን ሰው ወዶለታል።

ቁጥር 8 ከሁሉም የረዘመው ነው፤ ሌላ ሁሉ ቢጠፋ እሱን ብቻ አንብቡ እላለሁ። ጸሐፊው ጀርመን አገር የብረት ቅርጽ ማውጫ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነው የሚውለው። ሁለተኛው ጥያቄዬ አናድዶታል፣ ግን በትዕግሥት አስረዳኝ። ሳንቲም የሚመታው በሁለት የብረት ማኅተሞች መሃል ነው፤ አንዱ ለፊቱ፣ አንዱ ለጀርባው። ዳይ ይባላሉ። ዛሬ አንድ ዋና ቅርጽ ይሠራና ከእሱ ብዙ ዳይ ይገለበጣል፣ ሁሉም መንታ ናቸው። የያኔው ፊላዴልፊያ እንዲያ አልነበረም። ከናሙና የሚገለበጠው በዋናነት የሴትዮዋ ምስል ነው። የቀረውን ሠራተኛው በእጁ ይመታዋል። «ሊበርቲ» የሚለውን 7 ፊደል አንድ በአንድ፣ ፊደል በተቀረጸበት ብረትና በመዶሻ። ዓመቱን 4 ቁጥር እንደዚያው። በጀርባ ደግሞ ፊደሎቹን፣ ክፍልፋዩን፣ ከአክሊሉ ላይ እንደ ፍሬና አገዳ ያሉትን ጥቃቅን ነገሮች። ይህን ሁሉ ደግሞ ግልብጥ አድርጎ፣ በመስታወት እንደሚያነብ ሰው ሆኖ ነው የሚሠራው።

እና አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ ሊመታ ይችላል? አይችልም። አንዱ ላይ 1 ቁጥር ለጸጉሯ ትጠጋለች፣ ሌላው ላይ ትርቃለች። አንዱ ላይ የቅጠሉ ጫፍ የፊደሉን መሃል ያያል፣ ሌላው ላይ ጠርዙን። ዓይነት የሚሉት ይህንን ነው። ሻጭ የፈጠረው አይደለም፤ መዶሻ የያዘው ሠራተኛ ነው የፈጠረው። ብረቱም እንደዛሬው አልነበረም። ይሰነጠቃል፣ ሌላ ይሠራል። ስንጥቅና ጭረት እንዳይምታታባችሁ ብሎ ያስቀመጠውን ዘዴ ወድጄዋለሁ። ዳዩ ሲሰነጠቅ መዳቡ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ሳንቲሙ ላይ የሚወጣው መስመር ከፍ ያለ ነው፣ በጥፍር ይዳሰሳል። ጭረት ግን ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

እዚሁ መልስ ላይ የጋብቻ ነገር አለ። ሰብሳቢዎች የፊትና የጀርባ ዳይ አብረው ሲሠሩ ጋብቻ ይሉታል። የፊቱ ተሰብሮ ሲጣል የጀርባው ገና ጤነኛ ከሆነ ከሌላ ጋር ይጋባል። ባል ሲሞት ሚስት ታገባለች እንደማለት ነው፤ አንዳንዷ ሦስት አራት ባል ትቀብራለች። የትኛው ጋብቻ የትኛውን ቀደመ የሚለው ደግሞ ከስንጥቆቹ እድገት ይታወቃል። የ1802 ሴንት ብቻ ከ3.4 ሚሊዮን በላይ ነው የተመታው። 18 ጋብቻ ቢኖር ምን ይገርማል?

ቁጥር 9 ደግሞ ከዚህ ሁሉ ማብራሪያ በኋላ፣ አሃ፣ ስለዚህ ዓይነት ማለት ስህተት ማለት ነው ብሎ ደመደመ። ቁጥር 10 አይደለም አለው፤ ትንሽ ሹል በሆነ ቋንቋ። ሁለት ሰው አንድ ደብዳቤ ቢገለብጥ የእጅ ጽሑፋቸው ይለያያል፤ ያ ስህተት አይደለም። ስህተትም አለ፣ እሱ ግን ሌላ ነው። ምሳሌው ጥሩ ነበር። የ1801 አንድ ጀርባ አለ፣ ሦስት ስህተት ያለበት። ክፍልፋዩ 1/100 መሆን ሲገባው 1/000 ይላል። ከአክሊሉ ሁለት አገዳ አንዱ የለም። «ዩናይትድ» የሚለው የመጀመሪያ ፊደል መጀመሪያ ተዘቅዝቆ ተመትቶ ስለታረመ ሁለት ምሰሶ ይመስላል። አንድ ዶላር ለዜሮ ሲካፈል ስንት ነው ብሎ ቁጥር 9ን ጠየቀው። ቁጥር 9 አልተመለሰም። ይሄ ሳንቲም በሼልደን ቁጥር ኤስ-219 ነው። ኤስ ምን እንደሆነ በኋላ ይመጣል።

ቁጥር 11 ስለ ሎሚው ነው። ጮኸብኝ ብል ማጋነን አይደለም። ሁለት መቶ ዓመት የኖረን ወዝ በአንድ ሎሚ ገፈፍከው፣ የአያትህን መስቀልም በሽቦ ፈትገው ተባልኩ። አሁን የሚያበራው ሮዝ ቀለም ንጽሕና ሳይሆን ቁስል ነው፣ ሰብሳቢ ከሩቅ ያውቀዋል አለ። ቁጥር 12 ላይ ተከላከልኩ። እናቴ የመዳብ ጀበናውንም ድስቱንም በሎሚና በአመድ ነበር የምታጸዳው፣ እኔ ሌላ ምን አውቃለሁ? ቁጥር 13 ጀበና ከመቼ ወዲህ መዳብ ሆነ ብሎ ገባ። እውነቱን ነው፤ የእኛ ጀበና ሸክላ ነበር፣ መዳቡ ሌላ ማንቆርቆሪያ ነው። ለሦስት መልስ ያህል ስለ ጀበና ተከራከርን።

ቁጥር 17 የሰላም ሰው ነበረች። ሎሚ አሲድ ነው፣ የመዳቡን ገጽ ይበላል፤ የሆነው ሆኗል፣ ከእንግዲህ ግን ውሃም አታስነካው አለች። የመዳብ ሴንት ሰብሳቢዎች ቆሻሻ ማስለቀቅ ሲኖርባቸው ዛይሊን የሚባለውን ፈሳሽ በጥጥ ይጠቀማሉ፣ ከዚያ ከፀጉር በተሠራ በጣም ለስላሳ ብሩሽ ያብሳሉ። መስኮት ከፍቶ ነው እንጂ ሽታው ራስ ያዞራል። ጀማሪ ከሆንክ ግን ምንም አለማድረግ ነው የሚሻለው። አረንጓዴው ዝገት ካለ ደረቅ ቦታ አስቀምጠው፣ በቃ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ አገር ቤት ሄደ። ቁጥር 18 ከእስራኤል ነው። አያቱ ጎንደር ነጋዴ ነበሩ። ይሄ ፈረንጅ የሚሠራው የዓይነት ልየታ እኛ ዘንድ ድሮ የነበረ ነው አለ። ማርትሬዛ፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ብር፣ ሲሰጣቸው አያቱ መጀመሪያ የሚያዩት ንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ነው፤ ዙሪያውን ያሉትን ዶቃዎች በጥፍራቸው ይቆጥራሉ። 9 መሆን አለባቸው። ተፍቀው ካልተቆጠሩ ብሩ ጥሩ ቢሆንም ይመለሳል፣ ወይ ዋጋው ይወርዳል። አጉሊ መነጽር የለ፣ መጽሐፍ የለ። ይሄን ሳነብ ከላይ የጻፍኩት ሁለተኛው ጥያቄ አሳፈረኝ።

ቁጥር 19 ተቀበለው። ማርትሬዛ ላይ ምንጊዜም 1780 ነው የተጻፈው፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት። ከዚያ በኋላ ግን ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይ እየተመታ ያው 1780 ተጽፎበት ነው የወጣው። ስለዚህ የት እንደተመታ ለማወቅ የንስሩን ጭራ ላባና የዶቃውን አቀማመጥ ማየት ግድ ነው። ዓመቱ አይነግርህም። ቁጥር 20 ደግሞ የጃንሆይን የ1936 ዓ.ም. (ይሄ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) ሳንቲሞች አነሳ። እነሱም እንዲሁ ናቸው፤ ከ1936 በኋላም ለዓመታት ያው 1936 ተጽፎባቸው ተመትተዋል። የመጀመሪያዎቹ ደግሞ የተመቱት ፊላዴልፊያ ነው። ከተማዋ የእኔ ሴንት የወጣባት ናት ማለት ነው። እዚህ ላይ ሦስት ሰው የ50 ሳንቲም ፎቶ ለጠፈ፣ አንዱ ሊሸጥ ሞከረ፣ ቁጥር 24 ላይ አስተዳዳሪው ወደ ርእሱ ተመለሱ አለ።

ነገሩን የገለበጠው ቁጥር 25 ነው። በትሕትና ነው የገባው፤ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል እያለ። ሁላችሁም ዓመቱ ላይ አፍጥጣችኋል፣ ጀርባውን ያየ አለ ወይ? የአክሊሉ ሥር፣ ሪባኑ ከታሰረበት ግራና ቀኝ፣ ሁለት አጫጭር አገዳዎች መውጣት አለባቸው። በፎቶው ላይ ሁለቱም የሉም። አጉልቼ አየሁ። እውነትም የሉም።

ቁጥር 26፣ ያው የዱባዩ ወንድማችን፣ ተፍቆ ነው አለ። ዓመቱ ተፍቋል፣ አገዳውም ተፍቋል፣ አለቀ። ብዙ ሰው ተስማማ። እኔም ተስማማሁ፤ ምክንያቱም የሚመስለው እሱ ነው። ቁጥር 27 ላይ ግን ያቺ የ1804 ፈተና ያስተማረችን ሴት ተመለሰች፣ በዚህ ጊዜ ትዕግሥቷ ትንሽ ቀንሶ። መፋቅ ዘመድ አይለይም አለች። አንድን ነገር ፍቆ አጠገቡ ያለውን፣ በዚያው ከፍታ ላይ ያለውን፣ አይተወውም። የሪባኑ ሁለት ጫፎች እዚያው አሉ፤ እጥፋታቸው ሳይቀር ይታያል። ክፍልፋዩም ይነበባል። በመሃላቸው ሁለት አገዳ ብቻ መርጦ የሚበላ ኪስ የለም። ስለዚህ ጥያቄው አገዳው የት ሄደ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ አልነበረም። ዳዩን የሠራው ሰው ሳይመታው ረስቶታል።

ቁጥር 28 የዱባዩ ሰው አልተዋጠለትም፤ ሎሚው ይሆናል አለ። ቁጥር 29 ሎሚ አገዳ ይበላል እንዴ ብሎ ቀለደበት። ቁጥር 30 ደግሞ ሰውየውን የግል ነገር ተናገረውና ተሰረዘ። ምን እንዳለ አይቻለሁ፣ አልደግመውም።

ቁጥር 31 ከ8ኛው ጋር አንድ ሰው ነው፤ የጀርመኑ። አሁን ምን ያህል እንደጠበበ ቁጠሩ አለ። አገዳ የሌለው ጀርባ 1804 ላይ የለም፣ ስለዚህ ያ ሕልም ሁለት ጊዜ ሞቷል። 180 በሚሉት ውስጥ አገዳ አልባ አክሊል የሚታወቀው በሁለት ዓመት ነው፤ በ1802 ኤስ-231፣ በ1803 ደግሞ ኤስ-243። እንግዲህ ኤስ ማለት ሼልደን ነው። ዊልያም ሼልደን የሥነ ልቦና ሰው ነበር፤ በ1949 ከ1793 እስከ 1814 ያሉትን ሴንቶች ዘርዝሮ ቁጥር ሰጣቸው። ዛሬ ሁሉም የአሜሪካ ሳንቲም ሰብሳቢ የሚጠቀምበት ከ1 እስከ 70 የሚሄደው የጥራት መለኪያም መነሻው እሱ ነው። ከ1816 ጀምሮ ላሉት የሚያገለግለው ኒውኮምብ የሚባል ሌላ ሰው የሰጠው ቁጥር ነው፤ እሱ ደግሞ በየዓመቱ ከ1 ይጀምራል። ከሼልደን በፊትም ሞክረዋል። ማሪስ የሚባል ሐኪም በ1869 የ1794ን ሴንቶች ለይቶ በቁጥር ሳይሆን በቅጽል ስም ጠራቸው፤ ድርብ አገጭ፣ ያዘነበለው 4፣ ጠባሳ ራስ። እንደኛ ሰፈር ነው፣ ሁሉም ቅጽል አለው።

ቁጥር 32 መራራ ነበር። ሼልደንን አታወድሱብን፣ ሌባ ነው አለ። የአሜሪካ ኑሚስማቲክ (የሳንቲም ጥናት) ማኅበር ስብስብ ውስጥ የነበሩ ጥሩ ጥሩ ሴንቶችን ወስዶ በቦታቸው የራሱን ዝቅ ያሉ ሴንቶች ተክቷል። በ1977 ከሞተ በኋላ ነው ነገሩ አደባባይ የወጣው፤ ማኅበሩም ሳንቲሞቹን ለማስመለስ ፍርድ ቤት ሄዷል። ቁጥር 33 ይህ እውነት ነው፣ ግን ቁጥሩን ምን እናድርገው አለ፤ መንገዱን የሠራው ሰው ሌባ ነበር ብለን በእግራችን አንሄድም። እኔ የቁጥር 33 ወገን ነኝ። ግን ያስገርማል፤ የሚለየውን የሚያውቅ ሰው ነው መቀየር የሚችለው።

ቁጥር 34 የመብራት ትምህርት ሰጠኝ። የለጠፍከው ፎቶ በፍላሽ ነው፣ ፍላሽ ሁሉን ነገር ጠፍጣፋ ያደርጋል። ክፍሉን አጨልም። አንድ የጠረጴዛ መብራት ብቻ አብራ፣ ዝቅ አድርገህ፣ ብርሃኑ ሳንቲሙን ከጎን እንዲልሰው። ከዚያ መብራቱን ሳይሆን ሳንቲሙን ቀስ እያልክ አዙረው። የተፋቀ ቁጥር የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ ብቻ ጥላ ይጥላል። 2 ከሆነ ከታች ጠፍጣፋ እግር ይኖረዋል፤ 3 ከሆነ ከታች ሆድ ነው ያለው።

ቁጥር 35 እኔ ነኝ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ፈረቃ ያልነበረኝ ቀን። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። የባለቤቴን የመርፌ ማያ አጉሊ መነጽር ወሰድኩ። መጀመሪያ ሁለት ዙር ምንም አልታየኝም። ሦስተኛው ላይ፣ የሴትዮዋ አፍንጫ ወደ መስኮቱ ሲዞር፣ ከዜሮው ቀጥሎ ከታች አንዲት ቀጭን አግድም መስመር ብቅ አለች። ትንሽ ሳዞረው ጠፋች። መልሼ አመጣኋት። የመስመሯ ቀኝ ጫፍ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ይላል። ሆድ የለውም። ባለቤቴን ቀሰቀስኳት፤ ምን ታያለሽ አልኳት፣ ሳልነግራት። ሁለት ቁጥር አለችና ተመልሳ ተኛች።

ቁጥር 36 ከቁጥር 1 ነው፤ የአዲስ አበባው ጨዋ። በአዲሶቹ ፎቶዎች 2 መሆኑን ተስማማ። 1802፣ አገዳ አልባ፣ ኤስ-231። ቁጥር 37፣ ማለትም ያቺው የ27ኛዋ፣ አጸደቀች። ቁጥር 38 የዱባዩ ነው፤ እሺ አለ። አንድ ቃል። ይህን ለማለት ምን ያህል እንደሚከብደው ስለገባኝ አከበርኩት።

ቁጥር 39 ዋጋውን ጠየቀ፣ ሁሌም አንድ ሰው መጠየቁ አይቀርም። ቁጥር 40 ብዙ አትጠብቁ አለ። ሰብሳቢዎች ስንት ቀርቷል የሚለውን በአር ይለካሉ፤ አር-1 ማለት ከ1,250 በላይ የታወቁ ማለት ነው፣ አር-8 ደግሞ ከ1 እስከ 3። ኤስ-231 በብዛት ከሚገኙት ወገን ነው። በዚያ ላይ ተፍቋል። በዚያ ላይ ሎሚ። ይህን ሦስተኛውን በደማቅ ጻፈው። የአዝራሩን 12 ዶላር ከመለሰልህ ደስ ይበልህ፣ አትሽጠው ግን አለ።

አልሸጥኩትም። በወረቀት ፖስታ ውስጥ አድርጌ ላዩ ላይ በእርሳስ 1802፣ ኤስ-231፣ 10.3 ግራም ብዬ ጽፌያለሁ። ሎሚ የሚለውንም ጽፌያለሁ፣ ከእኔ በኋላ የሚይዘው ሰው እንዳይገረም።

የመጨረሻው ቁጥር 41 ነው፤ ገና ትናንት የገባ። ሳንቲሙን ተዉት፣ ከፎቶው ጥግ ላይ የሚታዩት የናስ አዝራሮች የድሮ ወታደር ልብስ አዝራሮች ይመስላሉ፣ ጀርባቸው ላይ ጽሑፍ ካለ እባክህ ፎቶ አንሳልኝ ብሏል። ወንድሜ፣ አራት ነበሩ። ሁለቱን ዛሬ ማታ አነሳልሃለሁ። ሁለቱን ባለቤቴ ኮት ላይ ሰፍታቸዋለች።